የሸጊቱ ምላስ

ውድ ማርያማዊት፣

ይህን ደብዳቤ ብቻሽን ሆነሽ እንድታነቢው እለምንሻለሁ። አክስትሽ አጠገብሽ ካሉ አጥፈሽ አስቀምጪው፤ ሲወጡ ታነቢዋለሽ።

ባለፈው ሳምንት ሦስት ጊዜ ስልክ ተደውሎልሽ፣ "ሃሎ" ስትዪ የሚዘጋብሽ ሰው ነበር። እኔ ነኝ። ቁጥሩ የወንድሜ የሙአዊያ ነው። በሦስተኛው ቀን "ማነህ አንተ ባለጌ!" ብለሽ ስትጮሂ ልስቅ ቃጥቶኝ ነበር፤ ወዲያው ግን ስልኩን ዘጋሁት። ታውቂያለሽ፣ የእኔ ድምፅ ሲፈለግ አይገኝም። አራተኛ ክፍል ሳለን መምህሩ ስሜን ሲጠራ "አቤት" የምትዪልኝ አንቺ ነበርሽ። ስለዚህ ልጽፍልሽ ተቀመጥሁ። ከስምንተኛ ክፍል ካቋረጥሁ ወዲህ እስክሪብቶ ብዙ አልያዝሁም፤ ፊደል ብስት አትሳቂብኝ።

ያስቸኮለኝ የእናትሽ ነገር ነው። ትናንት ውኃ ስንቀዳ አገኘኋት። ስምንተኛ ወሯን ይዛለች። ጀሪካኑን ልያዝልሽ ብላት እምቢ አለች። መንገድ ላይ እየሳቀች፣ "ማርያማዊት በስልክ አስምላኛለች" አለችኝ።

"ምን ብላ?"

"ምጥ ቢይዝሽ በዚያች በጂን መኪና እንዳትሳፈሪ ብላ። በእመቤቴ ስም ነው ያስማለችኝ።" ከዚያ ፊቴን አየችና ያዘነችልኝ መሰለኝ። "አንቺን ደግሞ ምን ያስደነግጥሻል? አብሽሪ! ቃሬዛው አለ። የአገሩ ጎበዝ መች አለቀ!"

እየሳቀች ነው ያለችው። እኔ ግን ቤት ገብቼ ጀሪካኔን እንዳወረድሁ ወሩን በጣቴ ቆጠርሁ። ሰኔ ሊገባ ነው። ክረምቱና የእናትሽ ምጥ እኩል ነው የሚደርሱት። ከእኛ ሰፈር እስከ ሐይቅ ከተማ ያለው ፒስታ መንገድ ጭቃ ሲሆን ባጃጅ እንደማይወጣው ታውቂያለሽ። እናትሽ ደግሞ የማለችውን እንደማታፈርስ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያታለሽ።

ማርያማዊት፣ መኪናችን ሸጊቱ ጂን የለባትም። ኖሮባትም አያውቅም። ይህን ከየት እንዳወቅሁት ልነግርሽ ነው፤ ስነግርሽ እየፈራሁ ነው።

ሸጊቱን አንቺም እንደ እኔ አብረሻት አድገሻል፤ ግን ከውጭ ነው የምታውቂያት። አያቴ ከደሴ ገዝቶ ሲያመጣት አባቴ ገና አልተወለደም ነበር። ባለቤቷ ወደ አገሩ የሚመለስ ጀርመናዊ አስተማሪ ነበር ይባላል። ቮልስ ከሌላው መኪና ትለያለች፤ ሞተሯ ከኋላ ነው፣ ዕቃ የሚጫነው ከፊት ነው፣ ውኃ አትጠጣም፣ የምትቀዘቅዘው በነፋስ ነው። አባትሽ ጋሽ ሽታው፣ "ሐይቅ ዳር ተቀምጣ ውኃ የማትጠጣ! እንደ ዘይኑ ያለች ኩሩ!" እያለ አባቴን ዘይኑን ሲያበሽቀው አስታውሳለሁ። አባቴም "አንተን ተሸክማ ዳገት ስትወጣ ኩራቷ የት ይሄዳል?" ይለው ነበር። ያን ሳቃቸውን ከሰማሁ ቆየሁ።

አባቴ የሚጠግናት ዓርብ ዓርብ፣ ከጁምዓ በፊት ነው። ሙአዊያ ባጃጅ መንዳት ከጀመረ ወዲህ "የሽማግሌ መኪና" ብሎ ስለተዋት መፍቻ የማቀብለው እኔ ነበርሁ። ለእኔ ይስማማኛል። መኪና ሥር የተኛ ሰው ፊትሽን አያይም፣ ጥያቄም አያበዛም። "አሥራ ሦስት ቁልፍ" ይላል፤ እሰጠዋለሁ። "ፒንሳ" ይላል፤ እሰጠዋለሁ። እሳት የሚረጩትን ካንዴላዎች አራቱንም እየፈታሁ በብርጭቆ ወረቀት እጠርጋለሁ። የሞተሯ ቀበቶ፣ ቺንጋዋ፣ ስትላላ በአውራ ጣቴ ተጭኜ አውቃለሁ። ወለሏ በዝገት ሲበሳ የዘይት ቆርቆሮ ቆርጠን እንለጥፍበታለን፤ የኋላውን ምንጣፍ ገልጠሽ ብታዪ "ንጹሕ የምግብ ዘይት" የሚለው ጽሑፍ እስከ ዛሬ ይነበባል።

ከሞተሯ በላይ አንድ ጥቁር ክዳን አለ፤ ግራና ቀኝ በሁለት የሽቦ መያዣ የተያዘ። ሲከፈት ውስጡ አውራ ጣት የምታክል ጥቁር ዕቃ ተቀምጣለች፣ ራሷ ላይ ትንሽ የናስ ምላስ ያላት። እሳቱን ለአራቱ ካንዴላዎች በየተራ የምታደርሰው እሷ ናት። የሐይቁ መካኒክ ጋሽ ወልዴ በጣሊያንኛ ስም ነው የሚጠሯት፤ አባቴ ግን "ምላሷ" ይላታል። ሳብ ሲያደርጓት ትወጣለች፣ መፍቻም አትፈልግም። እሷ ከሌለች ሞተሩ ያጓራል እንጂ አይነሳም። ሌላው ሁሉ ደህና ስለሚመስል የማያውቅ ሰው ምን እንደጎደለ አይገባውም።

በጦርነቱ ጊዜ የታጠቁ ሰዎች በየቤቱ መኪና ሲወስዱ አባቴ ምላሷን አውጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። "ልጅ አይፈትሹም" አለ። እናቴ ከአሮጌ ሻሽ ትንሽ ከረጢት ሰፍታ በክር አንገቴ ላይ አሰረችልኝ፤ ለሚያየው ሒርዝ ወይም ክታብ ነው የሚመስለው። ሰዎቹ መጡና ቁልፉን ተቀበሉ። አንደኛው ገብቶ ደጋግሞ ሲያዞር፣ ሸጊቱ ኸር ኸር ኸር ስትል፣ እኔ ደጃፉ ላይ ቆሜ ነበር። ያቺ ዕቃ ደረቴ ላይ እንደ ፍም የምታቃጥለኝ መሰለኝ። ሲሰለቻቸው ጎማዋን በእርግጫ መትተው ሄዱ። አባቴ ግንባሬን ስሞ "ሸጊቱን ያተረፈች ልጅ!" አለኝ። ማርያማዊት፣ በሕይወቴ ዝም በማለቴ የተመሰገንሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ ፍርሃት ሲመጣብኝ እጄ ወደዚያ ክዳን ይሄዳል። የተኩስ ድምፅ ከሰማሁ፣ ፊቱን የማላውቀው ሰው በሰፈራችን ካለፈ፣ አንዳንዴም ያለ ምንም ምክንያት፣ ምላሷን አወጣና አንገቴ ላይ አስራታለሁ። ልቤ ሲረጋጋ እመልሳታለሁ። ይህን አባቴም አያውቅም ነበር። ሰው ሁሉ አንገቴ ላይ ያለው ሒርዝ ነው ብሎ ያምናል። አንቺም እንደዚያ ነበር የምታስቢው።

አሁን ወደዚያ ቀን ልምጣ። ሁለት ጊዜ ጽፌ ቀድጄዋለሁ፤ ይህ ሦስተኛው ነው።

ያለፈው ዓመት ነሐሴ ነው፤ እናንተ ፍልሰታን ትጾሙ ነበር። አባቴ ለትርፍ ጎማዋ ካላማደሪያ፣ የውስጥ ጎማ፣ ሊገዛ በጠዋት ደሴ ሄዷል። ረፋድ ላይ ሁለት የማላውቃቸው ሰዎች አጥራችን ሥር ቆመው ሸጊቱን ሲያዩ አየኋቸው። አንዱ በስልኩ ፎቶ ያነሳታል። "የማን ናት? ትንቀሳቀሳለች?" ብሎ የሰፈሩን ልጆች ጠየቀ። እኔ ከበሩ ኋላ ነበርሁ። ልቤ እንደ ጦርነቱ ጊዜ መምታት ጀመረ። እስኪሄዱ ጠብቄ ክዳኑን ከፈትሁና ምላሷን አወጣሁ። አባቴ ከመመለሱ በፊት እመልሳታለሁ ብዬ ነበር።

ስምንት ሰዓት ላይ አባትሽ መጣ። አንዱ ጫማው ጭቃ ውስጥ ቀርቶ በባዶ እግሩ ነበር። "ሙአዊያ! የት አለህ ሙአዊያ? ሚስቴን ስህንን ምጥ ይዟታል፣ ደም አለው!" አንቺ ከኋላው ነበርሽ። እናትሽንም ሁለት ሴቶች ደግፈው እስከ በራችን አመጧትና ድንጋዩ ላይ አስቀመጧት። አምቡላንሱ ሌላ ወላድ ይዞ ደሴ ሄዷል ተባለ።

"ሸጊቱ እያለች አምቡላንስ ምን ያደርጋል!" አለ ሙአዊያ፣ ቁልፉን ከሚስማሩ ላይ እያወረደ። እውነቱን ነው። በቅሬያችን፣ በሰፈሩ እድር፣ ደንብ ወላድ ስትኖር ሸጊቱ የሰፈሩ ናት፤ እስላም ክርስቲያን የለም፣ ቤንዚኑን ቅሬው ይችላል፣ አባቴም አይጠየቅም። ቁልፉ በሩ ላይ የሚሰቀለው ለዚያ ነው። እናትሽ በእሷ ተወስዳ አይደል ታናሽ እህትሽንም የወለደችው?

ሙአዊያ ቁልፉን አዞረ። ኸር ኸር ኸር። እንደገና አዞረ። ሰው ተሰበሰበ፣ የሞተሯን ክዳን ከፍተው ከበቧት።

"ባትሪዋ ነው።"

"ምን ባትሪ ነው፣ እንዲህ እያዞረ? ቤንዚን ጨርሳ ይሆናል።"

"በነቢ! ትናንት እኮ ገበያ ደርሳ መጣች!"

"ሽማግሌ ናታ፣ ሽማግሌ ያኮርፋል" አለ አንዱ።

እኔ ከግድግዳው ተለጥፌ ነበር። ከቆምሁበት እስከ ሞተሯ ስምንት እርምጃ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ እየረገጥሁ ቆጥሬዋለሁ። ስምንት እርምጃ ሄጄ፣ ክዳኑን ከፍቼ፣ ምላሷን መልሼ፣ ከዚያ በኋላ የፈለጉትን ቢሉኝ ምን ነበረበት? ሦስት እርምጃ ሄድሁ። "እኔ..." አልሁ። "እኔ ጋ..." ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም። አንድ ሰው በክንዱ ገፋ አድርጎኝ "ዘወር በይ የእኔ ልጅ፣ እንዳትረገጪ" አለኝ።

ዘወር አልሁ። ያን ቃል እንደ ምክንያት ያዝሁት። ሁሉም ዞረው ሲያዩኝ ታየኝ፤ "አንቺ ነሽ የደበቅሽው?" ሲሉኝ ገና ሳይሉኝ ሰማሁት። እናትሽ ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን ነክሳ ታቃስት ነበር። እኔ የማስበው ስለ ሰው ዓይን ነበር።

"ግፉ! ቁልቁለቱ ያስነሳታል!" ተባለ። አሥር የሚሆኑ ወንዶች ገፏት። ከእኔ እየራቀች ሄደች። እኔም ከኋላዋ ሮጥሁ፤ ብደርስባት የምሠራውን ግን አላውቅም ነበር። ዋርካው ሥር ስትደርስ ቁልቁለቱ አለቀና ቆመች። "በቃ፣ ቃሬዛ አምጡ!" ሲል የአባትሽ ድምፅ ተሰማኝ።

ያን ጊዜ ነው ወደ እኔ የመጣሽው። ታስታውሺዋለሽ? አንገቴ ላይ ያለውን ከረጢት ከነክሩ በመዳፍሽ ጨበጥሽና፣ "ነጅዬ፣ በዚህ በሒርዝሽ ዱዓ አድርጊልኝ። እኔ እመቤቴን ለምኛለሁ፤ አንቺ ደግሞ በአንቺ በኩል ለምኚልኝ" አልሽኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ዱዓ አደረግሁ። ምላሷ በመዳፍሽ ውስጥ ነበረች ማርያማዊት። በጨርቁ ላይ ጨብጠሻት ነበር። ምን ያህል ደረቅ እንደሆነች አልተሰማሽም? እባክሽ ምንድን ነው ብለሽ ጠይቂኝ እያልሁ ነበር በልቤ። አልጠየቅሽኝም። ለቀቅሽኝና ወደ እናትሽ ሮጥሽ።

እስከዚህ ያለውን ፍርሃት ነው፣ ዓይን አፋርነት ነው ብለሽ ልትተዪልኝ ትችዪ ይሆናል። የቀረውን ግን አላውቅም።

እናትሽን አንስተው ሲሮጡ አንቺም፣ እናቴም፣ ሙአዊያም አብራችሁ ሄዳችሁ። ዋርካው ሥር እኔና ሸጊቱ ቀረን። ክዳኑን ከፍቼ ምላሷን መለስሁ። ገብቼ ቁልፉን አዞርሁ። በአንዴ ተነሳች፤ ያ እንደ ስፌት መኪና ያለ ድምጿ። ቃሬዛው ገና ጉብታውን አላለፈም ነበር። የአባትሽ ጋቢ ይታየኛል። ጡሩምባዋን አንድ ጊዜ ብነካው ሙአዊያ ዞር ይላል፣ ሮጦ ይመለሳል፣ እናትሽ ትሳፈራለች። እጄን ጡሩምባው ላይ አድርጌው ነበር።

አጠፋኋት።

"አሁን እንዴት ተነሳች?" ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። ይኸው ነው። ሌላ ምክንያት ስፈልግ ዘጠኝ ወር አለፈኝ፤ አላገኘሁም።

እናትሽ መንገድ ላይ አይሱዙ አግኝታ ጤና ጣቢያ ስትደርስ አሥራ አንድ ሰዓት ሆኖ ነበር። ወንድምሽን አላተረፉትም። አዋላጇ "ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ኖሮ" ማለቷን የነገርሽኝ አንቺ ነሽ፣ ትከሻዬ ላይ ሆነሽ እያለቀስሽ። "ትንሽ" ስንት እንደሆነ እኔ አውቀዋለሁ። ከዋርካው እስከ ጉብታው ያለው ነው።

በማግስቱ አባቴ ቁልፉን ሲያዞር ሸጊቱ ተነሳች። ሰው ወጥቶ አፉን ይዞ አየ። "ትናንት እምቢ ብላ ዛሬ?" አሉ። አንዲት ሴት "ደም ፈልጋ ነው እንጂ፣ ይህስ የጂን ሥራ ነው" አለች። በሳምንቱ የጂን መኪና ሆና ቀረች። ከዚያ ወዲህ ማንም ሴት አልተሳፈረባትም። ልጆች ሲያልፉ ጠጠር ወርውረውባት ይሮጣሉ። አባትሽ ከአባቴ ጋር እጅ ይነሳሳል እንጂ አብረው አይቀመጡም። አንቺም አክስትሽ ዘንድ ልማር ብለሽ ደሴ ሄድሽ።

አባቴ ጋሽ ወልዴን አስመጣቸው። ሞተሯን አስነስተው ጆሯቸውን ሰጥተው አዳመጧት፣ ክዳኖቹን ሁሉ ከፈቱ። "ዘይኑ፣ ይህች መኪና ካንተ ትሻላለች። ምንም አልሆነች" አሉት። አባቴ የሚጠጣ ሊያመጣላቸው ሲገባ እኔን ጠሩኝ። በዚያ ጥቁር ክዳን አቧራ ላይ የጣት ምልክት ነበር፣ ትንሽ ጣት። የራሳቸውን ወፍራም ጣት አጠገቡ አስቀመጡ።

"ይኸ የእኔ አይደለም" አሉኝ ቀስ ብለው። "የአባትሽም አይደለም።"

ጣቶቼን በመዳፌ ውስጥ ደበቅሁ።

"ይህችን መኪና ሠላሳ ዓመት አክሜያታለሁ። ታማ ታውቃለች፤ አኩርፋ አታውቅም። እኔ መካኒክ ነኝ፣ የመኪናዋን ተናግሬያለሁ። የቀረውን የሚናገር ሌላ ሰው ነው።"

እጃቸውን በናፍጣ ታጥበው ሄዱ። ለማንም አልተናገሩም። ገበያ ላይ ሲያዩኝ አገጫቸውን ቀና ያደርጋሉ፣ ምነው እንደማለት። አሁን እሳቸውን ከሩቅ ካየሁ በሌላ መንገድ ነው የምዞረው።

እንዴት እንደኖርሁ ልንገርሽ? ልብስ ሳጥብ ሞተሯ ስትነሳ ይሰማኛል። ሮጬ ወጥቼ አያለሁ፤ ቆማለች። እናትሽ ማርገዟን የሰማሁ ዕለት ደስታም ፍርሃትም እኩል መጡብኝና ጓዳ ገብቼ ተቀመጥሁ። ሆዷ በገፋ ቁጥር ያ ቀን እየተመለሰ የሚመጣ ይመስለኛል። ያ ፎቶ ያነሳት ሰውዬም፣ ያን ቀን ያን ያህል የፈራሁት፣ የድሮ መኪና የሚሰበስብ የአዲስ አበባ ሰው ነው አሉ፤ ሌባም አይደለም፣ የታጠቀም አይደለም። በቀደም ሲደውል አባቴ "ወላድ የማይሳፈርባት መኪና ምን ትሠራልኛለች፤ ና ውሰዳት" ሲለው ሰማሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣል። እንዳይወስዷት ብዬ ምላሷን ደበቅሁ፤ ይኸው በዚያው ምክንያት ልትወሰድ ነው።

ዛሬ ጠዋት ለአባቴ ነገርሁት።

ዓርብ ስለሆነ ከሥሯ ገብቶ ነበር፤ እግሮቹ ብቻ ይታዩኛል። ፊቱን ባየው ኖሮ አልናገርም ነበር። ለእግሮቹ ነው የነገርኋቸው፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ጡሩምባውንም ጭምር። ስጨርስ መፍቻው መሬት ላይ ሲወድቅ ሰማሁ። እግሮቹ አይንቀሳቀሱም። ሞተ እንዴ ብዬ ሁሉ ፈራሁ።

"አባ?" አልሁት።

"አሥራ ሦስት ቁልፍ" አለኝ። ድምፁ የእሱ አይመስልም ነበር።

አነሳሁና ሰጠሁት። እጄን ከነመፍቻው ያዘው፣ አልለቀቀውም። "ያን ጊዜ ዝም በይ ብዬ ያስተማርሁሽ እኔ ነኝ" አለ። "ሲበቃ ተናገሪ ብዬ አላስተማርሁሽም። ይኸ የእኔ ነው። የቀረው ግን ያንቺ ነው፣ ለሽታው የምትነግሪው አንቺ ነሽ።"

"እሺ።"

"ሰው ፊት ነው የምትነግሪው። የሸጊቱ ስም የጠፋው ሰው ፊት ነው።"

"እሺ" አልሁና ጎማዋን ተደግፌ ተቀመጥሁ።

ሲወጣ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። አልመታኝም፣ አልሳመኝምም። የሾፌሩ ወንበር ላይ አስቀመጠኝና በግራ እግር የሚረገጠውን ፍሪሲዮን አሳየኝ። እስከ ዋርካው ነድቼ መለስኋት፤ አራት ጊዜ ጠፋችብኝ። ዋርካው ሥር ስንደርስ "ጡሩምባዋን ንፊ" አለኝ። ለምን እንደሆነ ገብቶኛል። ነፋሁት። ሰው በየበሩ ወጥቶ አየኝ። እፍረቱ አልገደለኝም፤ ግን ማርያማዊት፣ ውሸት አልነግርሽም፣ የገደለኝ መስሎኝ ነበር።

እሁድ እናንተ ከቅዳሴ ስትመለሱ ቅሬው ዋርካው ሥር ይሰበሰባል። እዚያ ቆሜ እናገራለሁ። ይህን ደብዳቤ ሁለት አድርጌ እገለብጠዋለሁ። አንዱ ያንቺ ነው፣ ነገ በደሴው አውቶቡስ ይደርስሻል። ሁለተኛውን ይዤ እቆማለሁ፤ ድምፄ እምቢ ካለኝ ለአባትሽ እሰጠዋለሁ፣ እሱ ያነበዋል። ምን እንደሚያደርግ አላውቅም። ዓይኑን ሳስበው አሁን እንኳ እስክሪብቶውን አስቀምጬ እነሳለሁ። ከቅሬው ቢያስወጡን፣ አባቴ በእኔ ምክንያት አንገቱን ቢደፋ፣ እናትሽ ፊቷን ብታዞርብኝ፤ ይህን ሁሉ እፈራለሁ። ከዚህ ሁሉ በላይ የምፈራው ግን እሁድ ሳይደርስ ምጧ እንዳይመጣ ነው።

ይቅር በዪኝ አልልሽም። እሱን መጠየቅ የምችልበት ቀን ካለ ፊትሽ ቆሜ እጠይቅሻለሁ። አሁን የምለምንሽ አንድ ነገር ብቻ ነው። ለእናትሽ ደውዪና መሐላዋን ፍቺላት። ያስማልሻት አንቺ ነሽ፤ ካንቺ በቀር ማንም ሊፈታላት አይችልም። እኔን ጥዪኝ፣ ሸጊቱን ግን አትጥያት። ያን ቀን እምቢ ያልሁት እኔ ነኝ፤ እሷ ምላሷን ስመልስላት በአንዴ ነው የተነሳችው። ሙአዊያ ካለ ሙአዊያ ይወስዳታል፤ እሱ ከሌለ አባቴ፤ አባቴም ከሌለ እኔ። እስከ ሁለተኛ ማርሽ ደርሻለሁ። "በሁለተኛም ሐይቅ ይደረሳል" ይላል አባቴ።

ምላሷን ከደብዳቤው ጋር ልልክልሽ አስቤ ነበር። በእጅሽ ይዘሽ እንድታያት፣ ያን ቀን የጨበጥሽው ምን እንደሆነ እንድታውቂ። በወረቀት ጠቅልያት ፖስታው ውስጥ ከትቻት ነበር። ኋላ ግን ዛሬ ከሰዓት ምጡ ቢመጣስ ብዬ አሰብሁ። ሮጬ ሄጄ ቦታዋ መለስኋት፣ አስነስቼም ድምጿን ሰማሁ። ከእንግዲህ ከዚያ አትወጣም። ፖስታው ውስጥ ያለው ጨርቅ ከረጢቱ ነው። ዳብሺው፤ ባዶ ነው።

ሞተሯን ሳላጠፋ የምጠብቅሽ፣
ነጅዋ ዘይኑልአቢዲን
ሐይቅ፣ የአርዲቦ መንገድ፣ ግንቦት፣ ዓርብ ከሰዓት